«ሽጉጥ ከገዛሁ ወዲህ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ» ላሉት ጋሼ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው ለሰው ሲቀባበለው የከረመውን ጽሑፍ እኔም ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ሜሪላንድ ከ30 አመት በላይ የኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ስለዚ ጋሼ እያልኩ ነው የምመልስላቸው። ሀሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ዲሲና አካባቢው ያለ ሀበሻ ሁሉ ሽጉጥ ይግዛ፣ ሽጉጥ ያለው ሰው ተረጋግቶ ይተኛል፣ ፖሊስ አይደርስልህም፣ የሜሪላንድ ህግ ሰላማዊውን ሰው ከማጉላላት ሌላ ጥቅም የለውም፣ መሳሪያ ደሞ ባህላችን ነው፣ በተለይ ሴቶችና ማታ የሚነዱ ሾፌሮች ሳይዙ ከቤት እንዳይወጡ። መጨረሻ ላይ የእህታቸው ልጅ ከኮሌጅ ስትመረቅ ሽጉጥ ሊሰጧት እንዳሰቡ ጽፈዋል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እኔም ሽጉጥ አለኝ። አሻራ ሰጥቼ፣ ክላስ ወስጄ፣ ቀኑን ጠብቄ ነው የገዛሁት። ስለዚ ጋሼ፣ መሳሪያ አይታ ከማታውቅ ሰው የመጣ መልስ ነው ብለው እንዳያልፉት።

«ከገዛሁ ወዲህ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ፣ ደህንነት ማለት ይሄ ነው» ብለዋል። እንቅልፍ እንደወሰድዎ አምናለሁ፣ እኔም ላይ ደርሷል። የዛሬ ስንት አመት ጋስ ስቴሽን ውስጥ የማታ ካሸር ነበርኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰአት ካለፈ በኋላ አንድ ልጅ ገባ፣ ሰላም አለኝ፣ ቡና ቀዳ፣ ክዳኑን ፈልጎ አጣውና የት ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ በእጄ አሳየሁት፣ ፊቴን መልሼ ሳየው ሽጉጡ ወጥቶ ደረቴ ጋ ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሎተሪ ማሽኑ መብራት ብረቱ ላይ ቀይ ሆኖ ይታየኝ ነበር፣ እስከዛሬ የማልረሳው እሱን ነው። ሪጅስተሩን ከፍቼ ሰጠሁት፣ ወጣ፣ ቡናውን ሳይወስድ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልሞላም። ጋሼ፣ ያኔ ካውንተሩ ስር ሽጉጥ ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር፣ ምክንያቱም እጄ ወደ ታች ሲሄድ ያ የሚንቀጠቀጥ ጣት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ከዛ በኋላ ነው የገዛሁት። እና እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ተኛሁ። እንደ ህጻን ነው የተኛሁት። ከዛ ግን ሌላ ነገር ጀመረኝ፣ ፍሪጁ በረዶ ሲጥል ብድግ፣ ላይ ቤት የሚኖሩት ሰዎች ሽንት ቤት ሲገቡ ብድግ፣ የአክስቴ ልጅ ከስራ ገብቶ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ብድግ፣ ብድግ ባልኩ ቁጥር ደሞ እጄ ቀድሞ ወደ ሳጥኑ ነው የሚሄደው። ድሮ ድምጽ ስሰማ ማነው ብዬ እጣራ ነበር፣ አሁን ዝም ብዬ ማዳመጥ ሆነ። ይሄ ደህንነት ይባላል?

ስሜትዎ የብዙ ሰው ስሜት ነው፣ ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2023 አሜሪካ ውስጥ መሳሪያ ያላቸውን ሰዎች ጠይቆ 81 ፐርሰንቱ መሳሪያ ስላላቸው ደህንነት እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ግን እኮ እሱ ስለሚሰማቸው ነገር ነው የሚናገረው። ስለሚደርስባቸው ነገር ደሞ ሌላ ጥናት አለ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ17 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለ12 አመት ያህል ተከታትለው በ2022 ያወጡት ነው። ራሳቸው ሽጉጥ የሌላቸው ግን ሽጉጥ ካለው ሰው ጋር አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች፣ መሳሪያ የሌለበት ቤት ከሚኖሩት ይልቅ ተገድለው የመሞት እድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሽጉጥ የሚገዛው አስጊ ሰፈር ያለ ሰው ስለሆነ ነው እንዳይሉኝ፣ ያነጻጸሩት በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎችን ነው። ከውጭ በሚመጣ እንግዳ መገደልን ሽጉጡ ሲቀንስ አላዩም።

የፖሊሱን ጉዳይ ብዙ አልከራከርዎትም፣ አብዛኛው እውነት ነው። ፍርድ ቤቶች ሳይቀሩ ፖሊስ አንድን ግለሰብ የመጠበቅ ግዴታ በህግ የለበትም ብለው ፈርደዋል፣ የዲሲው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1981፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2005 በካስል ሮክ ጉዳይ። ግን ፖሊስ አይደርስም ከሚለው ተነስቶ ሽጉጥ ይደርሳል ማለት ሌላ ነገር ነው። እኔ ጋ ያኔ ፖሊስ በ6 ደቂቃ መጣ፣ በ6 ሰከንድ ቢመጣም ግን የሚለውጠው አልነበረም።

አሁን ወደ ህጉ፣ እዚህ ላይ ነው ትንሽ የተናደድኩት። «ወንበዴ ላይሰንስ አያወጣም፣ ህጉ የሚያስቸግረው እኔን ነው» ብለዋል። ህጉ ምን እንደሚል ግን ጽሑፉ ውስጥ አልነገሩንም፣ ስለዚ እኔ ልንገር። ሜሪላንድ ከ2013 ኦክቶበር ወር ጀምሮ ሽጉጥ ለመግዛት መጀመሪያ ኤችኪውኤል የሚባል ላይሰንስ ያስፈልጋል፣ 21 አመት መሙላት፣ አሻራ መስጠት፣ ቢያንስ የ4 ሰአት ስልጠና መውሰድ። ከዛ ግዢው ራሱ 7 ቀን ይጠበቃል። ይዞ ለመንቀሳቀስ ደሞ ሌላ ፈቃድ ነው፣ እሱ 16 ሰአት ስልጠና አለው። ኤችኪውኤሉ ህገ መንግስቱን ይጥሳል ተብሎ ተከሶ ነበር፣ የፌደራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024 ህጉን አጸናው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2025 መጀመሪያ ላይ ጉዳዩን አላይም አለ። አደገኛው የውርደት ህግ ያሉት ይሄንን ነው።

የኔ የ4 ሰአት ክላስ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አስተማሪው ሽማግሌ የድሮ ወታደር ነበሩ፣ ከእጃቸው ባዶ ሽጉጥ አስጨብጠውኝ ጣትሽ የት ነው አሉኝ፣ ሳየው ጣቴ ቃታው ላይ ነው፣ እኔ ሳላውቀው። ሶስቴ ደገሙልኝ፣ ሶስቴም እዛው ነበር። በአራተኛው ነው ጣቴን ከጎን ቀጥ አድርጌ መያዝ የቻልኩት። ጋሼ፣ ያን ቀን ጠዋት ያ ክላስ ባይኖር ኖሮ ያንን ጣት ይዤ ነበር ቤቴ የምገባው፣ የአክስቴ ልጅ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ወደሚያስቀምጥበት ቤት። 4 ሰአት በዛ የሚሉት ይሄንን ነው? መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ስንቴ ወድቀን ነው ያለፍነው።

ወንበዴውስ ላሉት፣ የወንበዴው ሽጉጥ እኮ ከሰማይ አልወረደም። ፋብሪካ ተሰርቶ፣ ሱቅ ተሽጦ፣ አንድ ህጋዊ ሰው ፈርሞ የወሰደው ነው፣ ከዛ ነው የተሰረቀው ወይ የተሸጠው። ዲሲ ውስጥ ፖሊስ ከሚይዘው መሳሪያ ብዙው መጀመሪያ የተሸጠው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ እንደሆነ መንግስት ራሱ በየአመቱ በሚያወጣው መረጃ ይታያል። ሚዙሪ የመግዣ ፈቃዱን በ2007 ስታነሳ በመሳሪያ የሚገደለው ሰው እንደጨመረ፣ ኮኔቲከት በ1995 ፈቃዱን ስታስገባ ደሞ እንደቀነሰ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ያቺ ባልቲሞር ያለችው ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ጎረቤታችን። ህጉ የሚሰራው በርስዎና በኔ በኩል ነው፣ ከኛ እጅ አልፎ ወደዛ ልጅ እንዳይደርስ።

ሌላው በጣም ያሳሰበኝ፣ «ወረቀት የሌለው ወንድም ካለህ በስምህ ገዝተህ ስጠው» የምትል አንድ መስመር ጽሑፉ ውስጥ ገብታለች። ጋሼ ይቺን በአስቸኳይ ያጥፏት። እኛ መኪና በስሜ፣ ስልክ በስሜ፣ የቤት ሊዝ በስሜ እየተባባልን ነው እዚህ የቆምነው፣ ያ ደግነት ነው። ሽጉጥ ላይ ግን ያው ደግነት እስር ቤት ነው የሚያስገባው። ሱቁ ላይ የሚሞላው 4473 የሚባለው ፎርም ላይ ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፣ የሌላ ሰው ብር ይዞ አዎ ማለት የፌደራል ወንጀል ነው። አብራምስኪ የሚባል የቨርጂኒያ የቀድሞ ፖሊስ ነበር፣ ለአጎቱ ብሎ በቅናሽ ሽጉጥ ገዛለት፣ አጎቱም እኮ በህግ መያዝ የሚችል ሰው ነው፣ እንደዛም ሆኖ ተፈረደበት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2014 ፍርዱን አጸናው። በ2022 በወጣው ህግ ደሞ ለሌላ ሰው ብሎ መግዛት እስከ 15 አመት ያሳስራል። ተቀባዩስ? ወረቀት የሌለው ሰው መሳሪያም ሆነ ጥይት መያዝ በፌደራል ህግ የተከለከለ ነው፣ በተማሪና በጉብኝት ቪዛ ያለውም ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር እንደዛው። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፣ ግን የመሳሪያ ህግ ጥሶ አንዴ ከተፈረደበት ከሀገር ሊባረር ይችላል፣ የኢሚግሬሽን ህጉ ላይ ለብቻው የተጻፈ ነገር ነው። አሳይለም ጠይቆ የሚጠብቅ ሰው ደሞ ሎየር ሳያናግር በእጁም አይንካው። ለአንድ አሜሪካዊ ቅጣት ከፍሎ የሚያልፈው ጥፋት ለኛ ቦሌ ያደርሳል።

ከዚህ ጋር አያይዤ ሾፌሮቹን ልመልስ፣ ምክንያቱም ወንድሜም ኡበር ነው የሚሰራው። «ማታ የሚነዳ ሰው ያለ ሽጉጥ መንዳት የለበትም» ብለዋል። አንደኛ ኡበርም ሊፍትም ሾፌርም ሆነ ተሳፋሪ መሳሪያ እንዳይዝ ይከለክላሉ፣ ከተያዘ አካውንቱ ይዘጋል፣ እንጀራው ተዘጋ ማለት ነው። ሁለተኛ እስቲ የወንድሜን አንድ ማታ እንይ፣ አርሊንግተን ሰው ያነሳል፣ ኪ ብሪጅን ተሻግሮ ጆርጅታውን ያወርዳል፣ እዛው ሌላ አንስቶ ቤተስዳ ይወጣል። ሰአት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሶስት ህግ ተሻገረ። ቨርጂኒያ የሰጠችው ፈቃድ ድልድዩ ላይ ያበቃል፣ ዲሲም ሜሪላንድም የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበሉም፣ ዲሲ ውስጥ ያለ ላይሰንስ ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ 5 አመት ያሳስራል። መሳሪያውን ከአንድ ስቴት ወደ ሌላ በህጉ ማሳለፍ ይቻላል ከተባለም፣ ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ ተቀምጦ ነው። ትራንክ ውስጥ የተቆለፈ ሽጉጥ ከኋላ ወንበር ከተቀመጠ ሰው ምን ያድናል? ለወንድሜ የነገርኩት ሌላ ነው፣ ዳሽካም አስገጥም፣ ገንዘብ አትያዝ፣ መኪናውን ከጠየቁህ ቁልፉን ወርውርና ሂድ፣ መኪና ይተካል።

የሴቶቹን ነገር ሳነብ ከልቤ አዘንኩ፣ ለኛ አስበው እንደጻፉት ስለገባኝ። «ሽጉጥ ሴትን ከወንድ እኩል ያደርጋታል» ብለዋል። መንገድ ላይ ለሚያጠቃት እንግዳ ሰው ነው ያሰቡት። ሴት ግን በብዛት የምትገደለው በምታውቀው ሰው ነው፣ በባሏ፣ በጓደኛዋ፣ በተለየችው ሰው። ቅድም ባነሳሁት የካሊፎርኒያ ጥናት ላይ ሽጉጥ ካለው ሰው ጋር የሚኖሩት በትዳር ጓደኛቸው ቤታቸው ውስጥ ተተኩሶባቸው የመሞት እድላቸው ሰባት እጥፍ ነው፣ አብዛኞቹ ሴቶች። ቤት ውስጥ ያለው ሽጉጥ በስሟ ቢመዘገብም እጁ የሚፈጥነው ማነው? በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በራሂሚ ጉዳይ ላይ፣ ለቤተሰቡ አስጊ ነው ተብሎ የፍርድ ቤት እገዳ የወጣበት ሰው መሳሪያ እንዳይዝ መከልከል ይቻላል ብሎ 8 ለ 1 ወስኗል። ይሄን ያህል ወግ አጥባቂ የሆነ ፍርድ ቤት ነው እንዲህ ያለው። እርስዎ ያጣጣሉት ህግ አንዷን እህታችንን የሚያድናት በዚህ መንገድ ነው፣ ለሷ ሽጉጥ በመስጠት ሳይሆን ከሱ በመውሰድ።

«መሳሪያ ባህላችን ነው፣ አባቶቻችን ያለ ጠመንጃ አልወጡም» የሚለውን መጨረሻ ያቆየሁት ስለሚከብደኝ ነው። አያቴ ምንሽር ነበረው። ጎጃም ነው። ጎጆው ውስጥ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ አስታውሰዋለሁ፣ ቀበቶው በቅቤ ይታሽ ነበር። ግን እናቴ የምትነግረን አንድ ነገር አለ፣ የመጀመሪያ ልጁ፣ ታላቅ አጎቴ፣ በሞተ ጊዜ አያቴ እህል አልቀምስ ሰው አላናግር አለ፣ ከሰልስቱ ማግስት አንድ ጎረቤቱ መጣ፣ ቡና ጠጣ፣ ሲወጣ ምንሽሩን ከምሰሶው አውርዶ በትከሻው አንግቶ ሄደ። ማንም ምንም አላለም። አያቴም ቀና ብሎ አየውና ዝም አለ። ከተዝካሩ በኋላ ነው መልሶ ያመጣው፣ ወልውሎ። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች፣ ሰውዬው ሰርቆን ሄደ ብላ አልቅሳለች።

ይሄም እኮ ባህላችን ነው ጋሼ። ጠመንጃው ብቻ አይደለም፣ ማን እንዳለው የሚያውቅ፣ መቼ መነሳት እንዳለበት የሚያውቅ ሰፈር ነበር። እዚህ ያንን ሰፈር አልያዝንም፣ ጠመንጃውን ብቻ ነው ይዘን የመጣን የመሰለን። ሀገር ቤትም ቢሆን ዛሬ አዋጅ ወጥቶለታል፣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ ፈቃድና ምዝገባ የሚጠይቅ።

ጽሑፍዎ ውስጥ አንድም ቦታ ያልተነሳ ነገር አለ፣ ራስን ማጥፋት። እዚህ ሀገር በ2023 በመሳሪያ ከሞቱት 46,728 ሰዎች ውስጥ 27,300ው ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ። በየቤተክርስቲያኑና በየመስጊዱ በሹክሹክታ የምንሰማው፣ በድንገት ነው እየተባለ የሚቀበረው ሰው አለ፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ አናወራውም። ሌላ መንገድ የሞከረ ሰው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ከተረፈም በኋላ አብዛኛው በዛ አይሞትም። በሽጉጥ የሞከረ ግን ከአስሩ ዘጠኙ ያህል አይመለስም።

የአክስቴን ልጅ ያነሳሁት ለዚህ ነው፣ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ስራው ቀረበት፣ የወንድሙን መርዶ እዚህ ሆኖ ሰማ፣ ወረቀቱ አላለቀም ነበርና ለለቅሶ እንኳ መሄድ አልቻለም። አንድ እሁድ ቡና እያፈላሁ፣ ሲኒ እያቀባበለኝ፣ «ያንቺን እቃ የት ነው የምታስቀምጪው» አለኝ። እንዲሁ ነው ያለው፣ ስለ አየር ጸባይ እንደሚያወራ ሰው። አልጋዬ ስር ሳጥን ውስጥ ነው አልኩት። እሺ አለና ሲኒውን አስቀመጠ። ሶስተኛውን ሳንጠጣ የአያቴ ጎረቤት ትዝ አለኝ፣ ምንሽሩን አንግቶ የወጣው። ያን ማታ ሳጥኑን መኪናዬ ትራንክ ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ ተኛሁ፣ ሰኞ ጠዋት የገዛሁበት ሱቅ ወስጄ ለጊዜው አስቀምጡልኝ አልኳቸው፣ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ተቀበሉኝ። ማታ ላይ ደሞ ቁጭ ብዬ ጠየቅኩት፣ በአማርኛ፣ ሳልሸፋፍን፣ ራስህን ልታጠፋ እያሰብክ ነው ወይ ብዬ። ብዙ ቆይቶ አዎ አለኝ። ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው የሚደውልበት 988 የሚባል ቁጥር አለ፣ አብረን ደወልን፣ በሳምንቱ ሀኪም ጋ ሄድን። ዛሬ ሲዲኤል አውጥቶ ትራክ ይነዳል፣ በየትራክ ማቆሚያው የበላውን ምግብ ፎቶ ይልክልኛል።

ሽጉጡ እስካሁን እኔ ቤት አልተመለሰም። የኔ ነው፣ በስሜ ነው፣ ስፈልግ አመጣዋለሁ። ፍሪጁ በረዶ ሲጥል ግን አልነሳም።

ለእህትዎ ልጅ ያሰቡትን ስጦታ በተመለከተ፣ በራስዎ ብር ገዝተው ከልብ የሚሰጡት ስጦታ ከሆነ ቅድም ካልኩት ወንጀል የተለየ ነው፣ የምትኖረው ሜሪላንድ ከሆነ ግን 21 ሞልቷት የራሷን ኤችኪውኤል ማውጣት አለባት፣ ዝውውሩም በሱቅ ወይም በስቴት ፖሊስ በኩል ነው የሚያልፈው። ይሄ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን አንድ ቀን ምሳ ይጋብዟትና ከማን ጋር እንደምትኖር ይጠይቋት፣ ደሞ ሰሞኑን እንቅልፍሽ እንዴት ነው ይበሏት።